ቀጠሮህ ስምህ ነው፦ የመጀመሪያ መኪናውን በዱቤ ለመግዛት ላሰበ ወንድም



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ሱረቱል ከህፍን ያልቀራችሁ ቅሩ፤ በነቢያችን ላይም ሶለዋት አብዙ።

የዛሬው ትምህርታችን ከመንዝ፣ ከዘመሮ ከተማ በውስጥ መስመር በደረሰን ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው። ጠያቂው ወጣት ነጋዴ ነው። በግና ባና እየገዛ ደብረ ብርሃን ወስዶ ይሸጣል። ከትርፉ ብዙውን የሚወስድበት የመኪና ኪራይ ስለሆነ አነስተኛ የጭነት መኪና ገዝቶ የራሱንም የሰውንም ዕቃ ለማመላለስ አስቧል። ችግሩ የብድር ታሪኩ ነው። በስልክ የወሰዳቸውን ሁለት አነስተኛ ብድሮች አዘግይቶ ከፍሏል። በቡድን ከወሰደው ብድርም አንዱ ክፍያ ዘግይቶ ነበር። ዛሬ የቀረበት ዕዳ የለም። ሆኖም ስሙ ሙሉ ለሙሉ ንጹሕ አይደለም፤ የተበላሸም አይደለም። መካከለኛ የሚባል ነው።

እንዲህ ሲል ጠየቀን፦ «በወለድ የሚሠራው ባንክ ቶሎ ሊሰጠኝ ተስማምቷል። ከወለድ ነፃ የሆነው ግን ከፍ ያለ ቅድመ ክፍያና የብዙ ወር የሒሳብ እንቅስቃሴ ጠየቀኝ። መኪናዋ እንጀራዬ ናትና በወለድ ብወስድ ችግር ይኖረዋል? ሰዎች ደግሞ ‹ሙራበሓም ያው ወለድ ነው፣ ስሙን ቀይረውት ነው› ይሉኛል። እውነት ነው? የደበዘዘ ስሜንስ እንዴት ላጥራው?»

ጥያቄው የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። መሐል ሜዳም፣ ሞላሌም፣ ደብረ ብርሃንም፣ አዲስ አበባም ያለ ወጣት የሚጠይቀው ነው። ስለዚህ ሁላችንም እንድንማርበት በዝርዝር እናየዋለን፤ ኢንሻአላህ።

1. ስምህ የሚጻፍበት መዝገብ

በገበያ ቀን አንድ ሰው «እስከ መኸር ጠብቀኝ» ብሎ እህል በዱቤ ሲጠይቅ ሻጩ ወረቀት አያይም። «ይህ የማን ልጅ ነው? ባለፈው ዓመት በቀጠሮው ቀን መጣ? ወይስ ሰው ልከን አስፈለግነው?» ብሎ ያስባል። ዛሬ ባንኮች «የብድር ታሪክ» የሚሉት ይህንኑ ጥያቄ ነው። ልዩነቱ ከሰው አእምሮ ወጥቶ ወደ መዝገብ መግባቱ ነው።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ የሚሰበሰብበት ሥርዓት አለው። ባንኮች አዲስ ብድር ከመፍቀዳቸው በፊት ከዚያ ጠይቀው ሰውየው ከማን እንደተበደረ፣ ምን ያህል እንደቀረበትና በጊዜው እየከፈለ መሆኑን ያያሉ። አንድ የባንክ ብድር ክፍያው 90 ቀንና ከዚያ በላይ ካለፈበት «የተበላሸ» ከሚባሉት ብድሮች ይመደባል። አምስት ቀን የዘገየና አምስት ወር የጠፋ ሰው በመዝገቡ ላይ እኩል አይደሉም። መካከለኛ ስም ያለው ወንድማችን ይህን ቢያውቅ ተስፋ አይቆርጥም፤ ነገሩንም አያቀለውም።

ብዙ ወጣት ደግሞ ታሪኩን የሚጀምረው ሳያውቀው ነው። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመት በስልክ የሚሰጥ ብድርም ተጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተከትለዋል። በነዚህ አገልግሎቶች ለአንድ ሰው የሚፈቀደው መጠን የሚወሰነው በአጠቃቀሙና በአከፋፈሉ ነው። «አምስት መቶ ብር ምን አላት!» ብሎ የሚያዘገይ ሰው ስሙን በአምስት መቶ ብር እየሸጠ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ነገር አለ። በብድሩ ላይ እንደ መጠኑና እንደ ጊዜው የሚያድግ ጭማሪ ካለበት «የአገልግሎት ክፍያ» ተብሎ ቢጠራም የሪባ ብያኔ አይለቀውም። ሙስሊም ከመበደሩ በፊት ይህን ማጣራት አለበት።

አንዳንድ ወንድሞች «ሰውን በመዝገብ ማወቅ የፈረንጅ ሥርዓት ነው» ሲሉ እንሰማለን። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ የአልበቀራ 282ኛው ነው። የሚናገረውም ስለ ዕዳ ነው። ዕዳ እስከ ተወሰነ ጊዜ ሲሆን እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው በትክክል እንዲጽፍ፣ ባለዕዳው ራሱ እንዲያስጽፍና ምንም እንዳያጎድል፣ ምስክሮች እንዲገኙ ያዝዛል። ትንሽም ይሁን ትልቅ ለመጻፍ እንዳንሰለች ይመክራል። ዕዳን ከነቀጠሮው መመዝገብ አላህ ያዘዘን ነገር ነው። የኛ ድርሻ መዝገቡ ስለኛ ሲናገር የማያሳፍር እንዲሆን ማድረግ ነው።

2. ደካማውን ይበልጥ የሚያስከፍል ውል

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንምጣ። ስሙ መካከለኛ የሆነ ሰው በወለድ ዓለም ምን ይገጥመዋል? አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎቻችን በቁጥር ታውቁታላችሁ። «ፊኮ» የሚባለው ነጥብ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል፤ ከ580 እስከ 669 ያለው «መካከለኛ» ይባላል። እዚያ ላይ ያለ ሰው ለመጀመሪያ መኪናው ሲበደር ነጥቡ ከፍ ካለው ሰው የበለጠ ወለድ ይጠየቃል። ያው መኪና፣ ያው ዋጋ ሆኖ ሳለ አቅሙ ያነሰው ሰው ብዙ ይከፍላል። ክፍያ ባመለጠው ቁጥር ደግሞ ይጨምርበታል፤ ነጥቡም ይወርዳል። ነጥቡ ሲወርድ የሚቀጥለው ብድር ይወደዳል።

አሁን የአልበቀራን 280ኛ አንቀጽ አስቡ። ባለዕዳው ችግር ላይ ከወደቀ እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ መስጠት እንደሚገባ፣ መማር ደግሞ የተሻለ መሆኑን ይገልጻል። ይህ አንቀጽ የመጣው ሪባን ከሚከለክሉትና በሪባ የሚጸኑትን ከአላህና ከመልክተኛው ጦርነት ከሚያስጠነቅቁት አንቀጾች ቀጥሎ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ሪባ «ስለደከምክ ጨምር» ይላል። የአላህ ሕግ «ስለደከመ ጠብቁት» ይላል። ሁለቱ በአንድ ውል ውስጥ አይገናኙም።

«እኔ እኮ ከፋዩ እንጂ ተቀባዩ አይደለሁም» የሚል ይኖራል። ጃቢር (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሪባ የሚበላውን፣ የሚያበላውን፣ የሚጽፈውንና ሁለቱን ምስክሮች ረግመዋል፤ በወንጀሉም እኩል መሆናቸውን ተናግረዋል። ስለዚህ ዋስ የሚሆንህን ወዳጅህን፣ የሚፈርሙልህን ምስክሮችም ይዘሃቸው እየገባህ ነው።

«መኪናዋ እንጀራዬ ናት፤ ይህ ደሩራ አይደለም ወይ?» ለሚለውም መልስ አለ። ደሩራ ማለት ካላደረግከው ሕይወትህን ወይም ለሕልውናህ የግድ የሚያስፈልግህን የምታጣበት ሁኔታ ነው። የበረሃ ረሃብተኛ የሞተ እንስሳ የሚፈቀድለት በዚህ ነው። ወንድማችን ግን ዛሬም እየነገደ ነው፤ ልጆቹም እየበሉ ያድራሉ። መኪናዋ ኑሮውን ታሰፋለች፤ ባትኖር ግን አይጠፋም። ሥራን ማስፋት የሚወደድ ነገር ነው፤ ደሩራ ግን አይባልም። ከዚህ የተለየ ከባድ ችግር ያለበት ሰው ጉዳዩን ይዞ ቀርቦ ለሚያምነው ዓሊም ያስረዳ። ለራሱ ራሱ ፈትዋ አይስጥ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ከወለድ ነፃ የሆነው ባንክም «ቅድመ ክፍያ ጨምር፣ ዋስ አምጣ፣ እንቅስቃሴህን አሳየኝ» ብሏል። ይህ በደል ነው? አይደለም። ዋስትናና መያዣ መጠየቅ የተፈቀደ ጥንቃቄ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከአንድ አይሁዳዊ እህል በዱቤ ገዝተው የብረት ጥሩራቸውን በመያዣነት እንደሰጡ ዓኢሻ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ከፍጡር ሁሉ ታማኝ የሆኑት ነቢይ መያዣ ሲጠየቁ ካልተቆጡ፣ ሁለት ጊዜ ያዘገየው ሰው ዋስ ሲጠየቅ ሊከፋው አይገባም። ሐራም የሚሆነው የጊዜን ዋጋ በገንዘብ ላይ መጫን ነው። ገንዘቡ እንደሚመለስ ዋስትና መፈለግ ሐራም አይደለም።

3. ሙራበሓ ስሙ የተቀየረ ወለድ ነውን?

በአገራችን ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎትን የሚመለከት መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በዚያ መሠረት መደበኛ ባንኮች በመስኮት ደረጃ መሥራት ጀመሩ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ «ሲቢኢ ኑር» ከነዚህ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ለሆኑ ባንኮች በሩ ተከፈተ። ዘምዘም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2021 የመጀመሪያው ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ፣ ረሚስና ሌሎችም ተከተሉ። አባቶቻችን ገንዘባቸውን በሣጥን ቆልፈው፣ ወይም ባንክ አስቀምጠው ወለዱን ትተው በሚኖሩበት አገር ይህ ትልቅ ኒዕማ ነው፤ አልሐምዱሊላህ።

በነዚህ ባንኮች መኪና በብዛት የሚገዛው በሙራበሓ ነው። ሙራበሓ ብድር አይደለም፤ ሽያጭ ነው። ባንኩ መኪናውን ገዝቶ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን ገልጾ በጊዜ ክፍያ ይሸጥልሃል። «ሽያጭማ እንደ ሪባ ነው» የሚለው አነጋገር አዲስ አይደለም። አልበቀራ 275 ላይ አላህ የዚያ ዘመን ሰዎች ይህንኑ ማለታቸውን ጠቅሶ ሽያጭን እንደፈቀደና ሪባን እንደከለከለ ነግሮናል። ከሩቅ ሲያዩት ሁለቱም «ዛሬ ወስዶ ነገ ጨምሮ መክፈል» ይመስላሉ። ልዩነቱ ውስጡ ነው። ነጋዴ ዕቃ ይይዛል፤ ዕቃው በእጁ ሳለ ቢሰበር የሚከስረው እሱ ነው። አበዳሪ በወለድ ግን የያዘው ዕቃ የለም፤ መኪናህ ቢቃጠልም ባይቃጠልም ገንዘቡ ይወልድለታል።

ስለዚህ በሙራበሓ ቅደም ተከተሉ ራሱ ነው ሐላሉን ሐላል የሚያደርገው፦

ሀ) ደንበኛው መኪናውን መርጦ ባንኩ እንዲገዛው ይጠይቃል፤ ከገዛው እንደሚወስድም ቃል ይገባል። ይህ ገና ሽያጭ አይደለም።

ለ) ባንኩ ከሻጩ ይገዛል፤ ገንዘቡንም ለሻጩ ይከፍላል። መኪናው በባንኩ ባለቤትነትና ኃላፊነት ሥር ይገባል።

ሐ) ከዚያ በኋላ ባንኩ ለደንበኛው ይሸጣል። የገዛበት ዋጋ፣ ትርፉ፣ ጠቅላላ ድምሩና የክፍያ ቀኖቹ ይጻፋሉ።

መ) ደንበኛው በቀጠሮው ይከፍላል። ጠቅላላ ዋጋው ከዚያ በኋላ አይጨምርም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለሐኪም ኢብን ሒዛም የሌለውን ዕቃ እንዳይሸጥ ነግረውታል። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ባደረገው ጉባኤ እንዲህ ያለው ሙራበሓ የሚፈቀደው ዕቃው በሻጩ ባለቤትነትና ይዞታ ሥር ከገባ በኋላ መሆኑን ወስኗል። እ.ኤ.አ. በ1990 ጂዳ ላይ ደግሞ በጊዜ የሚከፈል ዋጋ ከጥሬው መብለጡ እንደሚፈቀድ፣ ባለዕዳው ሲያዘገይ ግን ተጨማሪ ማስከፈል ሪባ መሆኑን አስቀምጧል።

አንድ የቃል ግጭት እናጥራ። ፊቅህ «ቀብድ» ሲል ዕቃን በእጅ ማስገባት፣ መረከብ ማለቱ ነው። በገበያችን «ቀብድ» የምንለው ሻጩ ዕቃውን እንዳይሸጥ የምናስይዘውን ገንዘብ ነው። ደንበኛው ለሻጩ ቀብድ ስለከፈለ ባንኩ ተረክቧል ማለት አይደለም። እንዲያውም ራስህ ከሻጩ ጋር የሽያጭ ውል ፈርመህ ከሄድክ ባንኩ ምን ይገዛል? ገዢው አንተ ሆነሃል፤ የቀረው ገንዘብ መበደር ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ባንኩ ሂድ፣ ጠይቅ፤ ከሻጩ ጋር ግን ውል አትፈራረም።

ስትሄድ እነዚህን ጠይቅ። ገንዘቡ ለሻጩ ነው ወይስ ወደኔ ሒሳብ የሚገባው? ባንኩ ከመሸጡ በፊት መኪናው ጉዳት ቢደርስበት ኃላፊው ማን ነው? የባንኩ የግዢ ዋጋና ትርፉ ለየብቻ ይጻፋሉ? ባዘገይ የምከፍለው ቅጣት አለ? ካለስ ለባንኩ ገቢ ነው ወይስ ለበጎ አድራጎት? ቀድሜ ብጨርስ ምን ይሆናል? ለነዚህ ጥያቄዎች ፊቱን የማያጠቁር ሠራተኛ ካገኘህ ጥሩ ምልክት ነው። መልሱ ካልጠራህ የባንኩን የሸሪዓ አማካሪዎች ጠይቅ። ሻጩ አንተው ራስህ ወይም ሚስትህ ሆናችሁ ወረቀቱ ብቻ ከተዟዟረ፣ ወይም ጥሬ ገንዘብ ሰጥተውህ «እንዳሻህ አድርገው» ካሉህ፣ ያ ሙራበሓ አይደለም።

ዋጋው መቆረጡ ጥቅሙ ምን እንደሆነ በቅርቡ አይተናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከዚያ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የመኪና ዋጋም አብሮ ተወረወረ። ከዚያ በፊት የሙራበሓ ሽያጭ የተፈራረመ ሰው «የብር ዋጋ ወርዷልና ጨምር» ሊባል አይችልም፤ ዋጋው ተቆርጧልና። ገና በቃል ደረጃ የነበረ ግን ሽያጩ ስላልተፈጸመ አዲሱ ዋጋ ይጠብቀዋል። ጥያቄህን አቅርበህ «መኪናዋ የኔ ናት» ብለህ አትደምድም።

4. ከመፈረምህ በፊት አስላ

ውሉ ሐላል መሆኑ ብቻ አይበቃም። የማትችለውን ሐላል ዕዳ መሸከምም ጉዳት አለው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሶላታቸው ውስጥ ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር። ለምን ይህን እንደሚያበዙ ሲጠየቁ ሰው ዕዳ ሲኖርበት ሲናገር እንደሚዋሽ፣ ቃል ሲገባ እንደሚያፈርስ ገልጸዋል፤ ሐዲሡን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ልብ በሉ፤ የፈሩልን ለኪሳችን ብቻ አይደለም፤ ለምላሳችንም ነው። የባለዕዳ ስልክ ሲጮህ «የለም በለው» ብሎ ልጁን ውሸት የሚያስተምር አባት ብዙ ነው።

ለምሳሌ ያህል ብቻ እናስላ። ባንኩ መኪናዋን በ1,200,000 ብር ገዛ፤ ትርፉ 240,000 ሆነ፤ ጠቅላላ 1,440,000። አንተ 360,000 አስቀድመህ ከፈልክ። የቀረው 1,080,000 በ36 ወር ሲከፈል በወር 30,000 ብር ነው። መኪናዋ በቀን 3,000 ብር ብታስገባና በወር 22 ቀን ብትሠራ 66,000 ይሆናል። ለነዳጅ፣ ለረዳት፣ ለዘይት፣ ለጎማና ለጥገና 28,000 ብናወጣ 38,000 ይቀራል። ከዚያ የቤትህ ወጪ 15,000 ሲወጣ 23,000 ቀረህ። የወሩ ክፍያ ግን 30,000 ነው። በመጀመሪያው ወር 7,000 ጎደለህ ማለት ነው። በሦስተኛው ወር ስምህ እንደገና መዝገብ ላይ ወደቀ።

ጊዜውን ወደ 48 ወር ብታራዝመው፣ ትርፉ እንኳ ባይጨምር፣ ክፍያው 22,500 ይሆናል። የሚተርፍህ 500 ብር ነው፤ አንዲት ጎማ ብትፈነዳ ተበላህ። ቅድመ ክፍያህን 600,000 ብታደርሰው ግን የሚቀረው 840,000 ነው። በ48 ወር ሲከፈል በወር 17,500 ይሆናል፤ 5,500 ብር መጠባበቂያ ይኖርሃል። በክረምት የመንዝ መንገድ ጭቃ ሆኖ ሥራ ሲቀዘቅዝ የሚያድንህ ይህ ነው። ባንኩ «ቅድመ ክፍያ ጨምር» ሲልህ ሊጎዳህ ይመስልሃል፤ ስታሰላው ግን መካሪህ ሆኖ ታገኘዋለህ።

የጎደለው 240,000 ከየት ይምጣ? እቁብ አለልህ። በወር 12,000 የሚጥሉ 20 ሰዎች ቢሰባሰቡ ዕጣው 240,000 ነው። ጭማሪ የሌለበት እቁብ ብዙ ዑለማዎች የፈቀዱት መረዳጃ ነው። ነገር ግን ዕጣው በ5ኛው ወር ቢወጣልህ ገና የ15 ወር መዋጮ፣ 180,000 ብር፣ ይቀርብሃል። ያንን ከመኪናው ክፍያ ጋር ደርበህ አትችለውም። ስለዚህ ዕጣው ቶሎ ካልወጣልኝ ብለህ አትዘን፤ ወደ መጨረሻው ቢወጣልህ ላንተ ይሻላል። ሌላም መንገድ አለ፦ ከወንድምህ ወይም ከነጋዴ ወዳጅህ ጋር ድርሻችሁን በግልጽ ጽፋችሁ በሽርክና መግዛት ትችላላችሁ። ትርፉንም ኪሳራውንም ትካፈላላችሁ።

መኪናዋን ራሷንም መርምር። ሊብሬው በማን ስም ነው? ዕዳና እገዳ አለባት? ቦሎዋ ታድሷል? የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በሕግ ግዴታ ነው፤ ታካፉል ካገኘህ እሱን አስቀድም። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስላገደ «ወይ ያገለገለ፣ ወይ ኤሌክትሪክ» የሚል ምርጫ ፊትህ ይመጣል። ቻርጅ የምታደርግበትንና የሚጠግንልህን ሳታውቅ በዋጋው ብቻ አትማረክ። ሚስትህንም አማክር፤ ዕዳው ወደ ማጀት ይገባልና።

5. መካከለኛ ስም እንዴት ይጠገናል?

ቡኻሪ የዘገቡትን አንድ ታሪክ በራሳችን አነጋገር እናስታውስ። ከበኒ ኢስራኢል አንድ ሰው ሌላውን አንድ ሺህ ዲናር አበድረኝ አለው። አበዳሪው ምስክር ሲጠይቀው አላህ ምስክርነት ይበቃል አለ፤ ዋስ ሲጠይቀውም አላህ ዋስነት ይበቃል አለ። አበዳሪውም አምኖ ሰጠው። ሰውየው ባሕር ተሻግሮ ነገደ። የቀጠሮው ቀን ሲደርስ መመለሻ መርከብ ፈለገ፤ አጣ። «መርከብ የለም፣ ምን ላድርግ» ብሎ አልተኛም። እንጨት ወስዶ ፈለፈለው፤ ገንዘቡንና ደብዳቤ ከቶበት ደፈነው፤ አላህን ተማጽኖ ወደ ባሕሩ ወረወረው። አበዳሪውም በዚያ ቀን ወደ ባሕሩ ዳር ወጥቶ ሳለ እንጨቱን ለማገዶ አነሳው፤ ሲፈልጠው ገንዘቡን አገኘ። በኋላ ተበዳሪው መርከብ አግኝቶ ሲመጣ ሌላ ሺህ ዲናር ይዞ ነበር። የላከው መድረሱን አላወቀም ነበርና።

ይህ ሰው ያለ ወረቀትና ያለ ሰው ዋስ የታመነው ለምንድን ነው? ቀጠሮውን ከገንዘቡ እኩል ስላከበረ ነው። ብዙዎቻችን «ዕዳዬን አልካድኩም እኮ» እንላለን። አለመካድ አንድ ነገር ነው፤ በቀኑ መክፈል ሌላ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መክፈል እየቻለ የሚያመላልስ ሰው በደል እንደሚፈጽም ነግረውናል። ዘመሮ ያለው ወንድማችንም ዕዳውን ከፍሏል። ያጎደለው ቀኑን ነው። ስለዚህ የሚጠግነውም ቀኑን በማክበር ነው፦

አንደኛ፣ የከፈልካቸው ዕዳዎች መዘጋታቸውን አረጋግጥ። ካበዳሪው ተቋም ክሊራንስ ተቀብለህ አስቀምጥ። ከፍለህ ሳለ መዝገቡ ላይ ካልተነሳልህ እዚያው ተቋም ሄደህ እንዲስተካከል በጽሑፍ ጠይቅ። መብትህን መጠየቅ ጭቅጭቅ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የንግድ ገንዘብህን በኪስህ አታዙር። የሽያጭህን ገንዘብ ከወለድ ነፃ ሒሳብህ ውስጥ አስገብተህ ከዚያ አውጣ። ከስድስት ወር በኋላ ሒሳብህ ራሱ ይመሰክርልሃል።

ሦስተኛ፣ ችግር ከመጣ ከቀኑ በፊት ሂድ። «በዚህ ቀን አልችልም፤ በዚህ ቀን ግን እችላለሁ» ብሎ ቀድሞ የሚናገርና ቀኑ ካለፈ በኋላ ስልኩን የሚያጠፋ ሰው እኩል አይታዩም።

አራተኛ፣ ስምህን በውሸት አታስውብ። የሌለ ገቢ የተጻፈበት ደብዳቤ፣ በሰው ስም የወጣ ብድር፣ የተደበቀ ዕዳ፦ እነዚህ ሐላሉን ውል በሐራም በር ያስገቡታል። ያለፈውን አዘግይተህ እንደነበር ሲጠይቁህ እውነቱን ተናገር።

አምስተኛ፣ ዋስህን አስብለት። ዋስ የሆነ ሰው ከፋይ እንደሚሆን በሐዲሥ ተነግሯል። አንተ ስትጠፋ የሚታሰረው የሱ ቤት፣ የሚበላሸው የሱ ስም ነው። ለሱ ያለህበትን ሁኔታ ሳትደብቅ ንገረው።

የመንዝ ሙስሊሞች በቁጥር ጥቂት ናችሁ። አበዳሪህ፣ ደንበኛህ፣ ጎረቤትህ፣ አንዳንዴም ዋስህ ክርስቲያን ነው። አማናን መወጣት ለሙስሊም ብቻ የሚደረግ አይደለም። ጎረቤትህ ቁርኣንን ላይቀራ ይችላል፤ ያንተን ቀጠሮ ግን ያነባል። «እሱ በቀኑ ይመጣል» ያለልህ እንደሆነ ከብዙ ንግግር የበለጠ ዳዕዋ ነው። አማርኛችንም ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላል። በዲናችን ደግሞ ዕዳውም ከመቃብር በላይ ይውላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዕዳ ኖሮበት መክፈያ ባልተወ ሰው ጀናዛ ላይ ከመስገድ ተቆጥበው ባልደረቦቻቸው እንዲሰግዱበት ማዘዛቸውን፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን ሲወስዱለት መስገዳቸውን እናውቃለን። ሸሂድ እንኳ ከዕዳ በስተቀር ሁሉም ይማርለታል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ መልሳችን ይህ ነው። በወለድ አትግዛ፤ ቶሎ መገኘቱ አያታልልህ። ሙራበሓ ቅደም ተከተሉን ከጠበቀ ሐላል ሽያጭ ነው፤ ካልጠበቀ ስሙ አያድነውም። መካከለኛ ስምህ ደግሞ ፍርድ አይደለም፤ ለጥቂት ወራት ቀጠሮህን በማክበር የሚጠገን ነው። መኪናዋ ስድስት ወር ወይም ዓመት ብትዘገይ ሪዝቅህ አይዘገይም። ሰዎችን ሊከፍል አስቦ የሚበደርን ሰው አላህ እንደሚከፍልለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ኒያህን ዛሬ፣ ከዓስር በኋላ ባለችው የዱዓ ሰዓት አስተካክል፤ ያለብህንም ዕዳ ከነቀኑ ወረቀት ላይ ጻፍ።

ያ አላህ! በሐላል ሪዝቅህ አብቃቃን፤ ከሪባ ከትንሹም ከትልቁም ጠብቀን። ዕዳ ያለባቸውን ዕዳቸውን አቅልልላቸው፤ ቃላቸውን የሚሞሉ አድርጋቸው። የሚነግዱ ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን መንገዳቸውን ሰላም፣ ገበያቸውን በረካ አድርግላቸው። አገራችንን ሰላም አድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። መኪና ሊገዛ ላሰበ ወዳጃችሁ አድርሱለት። መልካም ጁሙዓ!